የሞዴል አርሶ አደር ልጅ የድሃ ማስረጃ

ቡሬ በተማርኩበት የግል ኮሌጅ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ «የተማሪዎች ምክርና ድጋፍ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት በር ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የወረቀቱ አንድ ጥግ ተገንጥሎ በነፋስ ሲወዛወዝ አይቻለሁ። መልሶ የሚያጣብቀው ሰው አልተገኘም። ኮሌጁ ዛሬ የለም። ሕንፃው የእህል መጋዘን ሆኗል ሲሉኝ ደስ አለኝ። እህሉ ቢያንስ ለሆነ ሰው ይጠቅማል።

ይህን የምጽፈው የተማሪነት ዘመኔ ናፍቆኝ አይደለም። ሌሎች ስለ ኮሌጅ ሲያወሩ ስለ ጓደኛና ስለ ምረቃ ፎቶ ያወራሉ፤ እኔ ትዝ የሚለኝ ያ በር ነው፤ ትዝ ባለኝ ቁጥርም ደሜ ይፈላል። ቂም አልያዝኩም ብል እዋሻለሁ። ይዣለሁ። በአማካሪው ላይ ይዣለሁ፣ በቀበሌው ላይ ይዣለሁ፣ በአባቴም ላይ ለረጅም ጊዜ ይዤ ነበር። በራሴ ላይ የያዝኩት ግን ከሁሉም ይብሳል፤ እሱን ስትጨርሱ ትረዱታላችሁ።

ቤተሰቦቼ ገበሬዎች ናቸው። ጅጋ ላይ ከአስፋልቱ ወርዶ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ ይኖራሉ። ያኔ አሥረኛ ክፍል ተፈትኖ ለመሰናዶ የሚያበቃ ነጥብ ያላመጣ ልጅ፣ «አሥር ሲደመር ሦስት» የሚባለውን የሦስት ዓመት ዲፕሎማ ይማራል፤ እሱንም ካላገኘ ወደ እርሻው ይመለሳል። ሴት ከሆነች የሚጠብቃት ሌላ ነው። እኔ ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮብኛል። አባቴ ሁለቱንም ጊዜ «ትማር» ብሎ መለሳቸው። ነጥቤ ለመሰናዶ በጥቂቱ ሲጎድልም አንዲት ጊደር ሸጠና ቡሬ ፋርማሲ እንድማር አስመዘገበኝ። ይህን ያደረገ ሰው መሆኑን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ከዚህ በኋላ ስለ እሱ የምናገረው ነገር ደግ አይደለምና።

የጊደሯ ዋጋ የአንደኛውን ዓመት ክፍያ ሸፈነ። በሁለተኛው ዓመት መግቢያ በረዶ በቆሎውን መታውና ለክፍያ የሚሆን ነገር ጠፋ። የኮሌጁ ጸሐፊ እስከ ማክሰኞ ካልተመዘገብኩ ስሜ እንደሚሰረዝ ነገረችኝ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ተሰርዤ ቤት ከገባሁ ሦስተኛው ሽማግሌ እንደማይመለስ አውቅ ነበር። ስለዚህ ያንን በር አንኳኳሁ።

አማካሪው የሥነ ዜጋ አስተማሪም ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ዜጎች መብት ሲያስተምር ድምፁ ኮሪደሩን ያናውጠው ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ግን ድምፁ የሚወጣው በግድ ነው። መሳቢያው ውስጥ የሽምብራ ቆሎ ያስቀምጣል። እኔ ቆሜ ችግሬን ስናገር አንድ አንድ ፍሬ እያወጣ ይቆረጥም ነበር። ቁጭ በይ አላለኝም።

«ለድሃ ተማሪዎች ነፃ ቦታ አለ» አለኝ ስጨርስ። «ከቀበሌሽ የድሃ ማስረጃ ታመጫለሽ። የመሬት ስፋት፣ የከብት ብዛት ይጻፍበት። ማህተም ይኑረው። እስከ ማክሰኞ።»

«ሌላስ፣ ቲቸር? ሌላ መንገድ የለም?»

«ይኸው ነው አልኩሽ እኮ።»

ከጀርባው መደርደሪያ ላይ የተማሪዎች ፋይል ተደርድሮ ነበር። የእኔም እዚያው ነበረ። አንድ ጊዜ ተነስቶ ቢያወርደው፣ አንድ ገጽ ቢገልጥ፣ የሚሆነው ሁሉ ባልሆነ ነበር። ሰውየው ግን አልተነሳም። መሳቢያውን ዘጋ፣ እጁን አራገፈ፣ እኔም አመስግኜ ወጣሁ። ያመሰገንኩት ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሐሙስ በፍኖተ ሰላም አድርጌ ጅጋ ወረድኩና ማታ ቤት ገባሁ። ለማንም ምንም አላልኩም። ጉዳዩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ድሃ መሆናችን እኮ የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም። እናቴ የምትለብሰውን ያየ፣ የጎተራችንን ወለል ያየ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም ብዬ አስቤ ነበር። ዓርብ ጠዋት ተነስቼ ቀበሌ ሄድኩ።

የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ከከተማ የተመደበ ወጣት ነው፤ በሸሚዙ ኪስ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል። የመጣሁበትን ስነግረው ሳቅ አለና በአገጩ ግድግዳውን አሳየኝ። ግድግዳው ላይ በቀይና በሰማያዊ ማርከር «የሞዴል አርሶ አደሮች ዝርዝር» የሚል ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ሦስተኛው ስም የአባቴ ነው። ከስሙ አጠገብ አሥራ አንድ የቀንድ ከብት፣ ሁለት ዘመናዊ ቀፎ ይላል።

«አባትሽ ሦስተኛ ሞዴላችን ናቸው» አለኝ። «ለወረዳ ሪፖርት የተደረጉ ሰው ናቸው። እኔ አሁን ድሃ ናቸው ብዬ ማህተም ባሳርፍ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ከብቶቹ የእኛ አይደሉም።»

«የማን ናቸው ታዲያ?»

ዝም ያልኩበትን ምክንያት ያልኖረበት ሰው በቀላሉ አይረዳውም። ከአሥራ አንዱ ከብት የእኛ ሁለት በሬና አንዲት ላም ብቻ ነበሩ። ስምንቱ የርቢ ናቸው። ርቢ ማለት የሰው ከብት ተቀብሎ ማርባት ነው፤ ወተቱ ለያዡ፣ ከሚወለደው ጥጃ ደግሞ አንዱ ለባለቤቱ ሌላው ለያዡ ይሆናል። ባለቤቱ ፍኖተ ሰላም ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ናቸው። በእኛ አገር ደንብ ርቢ የያዘ ሰው «የሰው ናቸው» ብሎ በአደባባይ አይናገርም። ባለቤቱም እንዲነገርበት አይፈልግም። ከብቱ በቆመበት ግቢ ስም ይጠራል፤ ጎረቤት ሁሉ እያወቀ ማንም አያነሳውም። ይህ ሲያያዝ የመጣ ጨዋነት ነው፤ ቆጠራ እስኪመጣ ድረስ ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

ቆጠራው ከሁለት ዓመት በፊት ሲመጣ እኔም ግቢው ውስጥ ነበርኩ። የልማት ሠራተኛው ደብተሩን ይዞ ገባ፤ አራት አምስት ጎረቤት ተከትሎታል። ከብቶቹን በእስክሪብቶው ጫፍ እየጠቆመ ቆጠረና «ሁሉም ያንተ ናቸው?» አለው አባቴን። አባቴ ጎረቤቶቹን አየ፣ ከብቶቹን አየ።

«ያው የምታያቸው ናቸው» አለ።

ውሸት አልተናገረም። እውነትም አልተናገረም። ሠራተኛው ጻፈ። ከሦስት ወር በኋላ አባቴ ነጭ ኮፍያ፣ አንድ ራዲዮና በመስታወት የተከበበ የምስክር ወረቀት ተሸክሞ መጣ። የምስክር ወረቀቱን በሩ ፊት ለፊት ካለው ምሰሶ ላይ ምስማር መትቶ ሰቀለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው ተለወጠ። ሰርግ ቤት ፊት ወንበር ይሰጡታል። ለልምድ ልውውጥ ደምበጫ ድረስ በመኪና ወስደውታል። ገበያ ሲሄድ ኮፍያውን ያደርጋል፤ ሲመለስ ኮፍያውን አራግፎ ያስቀምጣል። እናቴ «ሰውየው ከብቱን ትቶ ወረቀት ማርባት ያዘ» ትል ነበር፤ እሱ በሌለበት ነው እንጂ ፊት ለፊት አትለውም።

ሥራ አስኪያጁ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ነገረኝ። መዝገቡ የሚታረመው ሞዴሎቹን የመረጠው ጉባኤ ፊት ነው አለ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለ፤ አባቴ ራሱ ቆሞ ከብቶቹ የሱ እንዳልሆኑ ከተናገረ ያኔ እጽፋለሁ አለኝ። ይህን ሲለኝ እስክሪብቶውን እየከፈተ እየዘጋ ነበር። አይሆንም ማለቱ መሆኑ ገብቶኛል።

ዓርብ ማታ አባቴ ከእርሻ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ ነገርኩት።

«አባባ፣ እሁድ ስብሰባው ላይ ከብቶቹ የርቢ ናቸው ብለው ይናገሩልኝ።»

«ለምን ሲባል?»

«የድሃ ማስረጃ ካልያዝኩ ኮሌጁ ያባርረኛል።»

እግሩን ከውኃው አወጣ። «ድሃ? እኔ? ኸማን ደጅ ቆሜ ስለምን አየሽኝ?»

«አልለመኑም። ግን የለንም።»

«የለንም ማለትና ድሃ ነን ማለት አንድ ነው? አንች፣ እዚያ የሚያስተምሩሽ ይኸን ነው?» ድምፁ ከፍ አለ። «በሬውን እሸጠዋለሁ። አንዱን በሬ እሸጥና ትማሪበታለሽ።»

«ኸዚያ በምን ሊያርሱ?»

መልስ ሲያጣ የሚያደርገውን አደረገ፤ ተቆጣ። «እንግዲያ ቁጭ በይ! ኸእንግዲህ የመጣውን ሽማግሌ አልመልስም። ድሃ ብዬ ኸማስጽፍ ልጄን ብድር ይሻለኛል!»

እናቴ እሳት ስትቆሰቁስ ነበር፤ እጇን አቆመች፣ አንዴ አየችኝ፣ መልሳ ቆሰቆሰች። እኔ ምሰሶው ላይ ያለውን መስታወት አየሁ። ያን ሌሊት የጠላሁትን ያህል አባቴን ጠልቼው አላውቅም። እኔን የሚሰጠኝ ለወረቀት ሲል ነው ብዬ አሰብኩ። እሱን ሰብሬ መውጣት እንዳለብኝም ወሰንኩ።

ቅዳሜ የፍኖተ ሰላም ገበያ ነው። ጠዋት ተነስቼ ሐጂው ሱቅ ሄድኩ። ጨርቅ እየለኩ ነበር፤ የለኩትን ለገዢው እስኪሰጡ ጠበቅኩ። ማን መሆኔን ስነግራቸው በርጩማ አቀረቡልኝ፤ ልጃቸውን ልከው ለስላሳ አስመጡልኝ። ከብቶቹ የእርስዎ መሆናቸውን በወረቀት ይጻፉልኝ አልኳቸው። ሜትሩን ጠቅልለው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ከብቱ የኔ ነው። ይኸን አልክድሽም። ግን እኔና አባትሽ ወረቀት የለንም፤ አሥር ዓመት በቃል ነው የኖርነው። እሳቸው ሳይፈቅዱ እኔ ብጽፍ ነውር ነው» አሉኝ። ቀጥለውም ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው ተናገሩ። «ደግሞ ስሚኝ። ነገሩ በአደባባይ ከወጣ ከብቶቹን ማንሳቴ አይቀርም። ግብር አለብኝ፣ መንግሥት አለ። ቅር እንዳይልሽ አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ለስላሳውን ግማሽ ትቼ ወጣሁ። እንግዲህ አውቅ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ከብቶቹ ከሄዱ እናቴ ቅቤ እንደማይኖራት፣ የሚወለድ ጥጃ እንደማይኖረን ቅዳሜ ከሰዓት በፊት በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አላወቅሁም ልል አልችልም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያለው ሜዳ ላይ ተቀመጠ። ሞዴሎቹ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ናቸው። አባቴ ከግራ ሦስተኛ ነው፤ ኮፍያውን አድርጓል። ሥራ አስኪያጁ ስለ ማዳበሪያና ስለ እርከን ሥራ ተናገረ፣ ተናገረ፣ ተናገረ። በመጨረሻ «ሌላ ጉዳይ ያለው? ወጣቶችም ሴቶችም ተናገሩ፤ መብታችሁ ነው» አለ። ማንም ወጣት፣ ማንም ሴት ተናግራ አታውቅም። እጄን አወጣሁ።

ቆሜ የተናገርኩት ከአምስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። አባቴ ግቢ ካሉት ከብቶች ስምንቱ የሰው ናቸው አልኩ። የእኛ ሁለት በሬና አንዲት ላም ናቸው አልኩ። በቆሏችን በበረዶ ጠፍቷል፤ ልማር አልቻልኩም፤ መዝገቡ ይታረምልኝ አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ዛሬ ለራሴ የምለው ነገር ይኖረኝ ነበር።

አንዲት አሮጊት «ወይኔ» ስትል ተሰማ። ሁሉም የሚያየው አባቴን ነው። ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ልጄ ዋሽታለች ካለ እኔ አበቃልኝ፤ ማስረጃውም ትምህርቱም ቀረ፣ በአባቷ ላይ የዋሸች ሴት ሆኜ እቀራለሁ። እውነቷን ነው ካለ ደግሞ ሁለት ዓመት ፊት ወንበር የተቀመጠው በሰው ከብት ነው ማለት ነው። ዓርብ ማታ የተናገረውን ስለማውቅ ዋሽታለች እንደሚል እርግጠኛ ነበርኩ።

አባቴ ተነሳ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ እንደገና አጣፋ። ኮፍያውን አወለቀና አግዳሚው ላይ አስቀመጠው።

«ልጄ አልዋሸችም» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ግራ ገባው። ወረቀቶቹን አገላበጠ። «ታዲያ... ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«ድሃ ብላችሁ ጻፉ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ሞዴል ድሃ በሉታ!» አለ። ሳቁ ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት መጣ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሞዴሎች እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። አባቴ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ወረቀቱ ተጽፎ ሲቀርብለት ጣትህን ንከር አሉት፤ እምቢ አለ። እስክሪብቶ ጠየቀ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን የተማራትን ስሙን አንድ አንድ ፊደል እየሳለ፣ ጊዜ ወስዶ፣ «ድሃ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ከሚለው መስመር ሥር ጻፈ። ከዚያ ኮፍያውን ሳያነሳ ወደ ቤት ሄደ።

እኔ ወረቀቱን ይዤ ከኋላው ሄድኩ። ሃያ እርምጃ ያህል ይቀድመኝ ነበር፤ እኔም አልደረስኩበትም፣ እሱም አልዞረም። የተሰማኝን ልደብቅ አልፈልግም። ደስ ብሎኝ ነበር። አሸነፍኩት ብዬ ነው የሄድኩት። እንባ እንኳ አልመጣልኝም።

ሰኞ ፍኖተ ሰላም ወረዳ ማህተም አስመታሁ። ማክሰኞ ጠዋት ቡሬ ደርሼ ያንን በር አንኳኳሁ። አማካሪው ቆሎውን እየቆረጠመ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«ጥሩ ነው። ሁሉም አለው» አለ። ፋይል ውስጥ ሊያስገባው ነበርና በመጨረሻ ተነሳ። ከመደርደሪያው ላይ ፋይሌን አወረደ፣ ገለጠ፣ ቆም አለ። የአንደኛ ዓመት ውጤቴን እያየ ነበር።

«እንዴ! ሁለተኛ ነው እንዴ የወጣሽው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን አለፋሽ? ከየክፍሉ እስከ ሦስተኛ የወጣ ተማሪ ክፍያ የለበትም። በውጤት ነው። ማመልከቻ ብቻ ጽፈሽ ብታስገቢ ይበቃሽ ነበር። መመሪያው ላይ አለ።»

«አልነገሩኝም» አልኩ።

«አልጠየቅሽኝማ» አለኝ። ወረቀቱንም ፋይሉ ውስጥ አስገባው። ጨካኝ ሆኖ አልነበረም፤ ጨካኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቀለል አድርጎ ነው የተናገረው። የአባቴን ፊርማ ፋይሉ ውስጥ ከቶ መደርደሪያው ላይ መለሰና መሳቢያውን ከፈተ።

ሌላ መንገድ የለም ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር እኮ። በዚህ ቃል ጠይቄዋለሁ። ይህን ፊቱ ላይ ልጮህበት ሲገባኝ አፌ ተያዘ፤ ጉባኤ ፊት አባቴን ያዋረደው አፍ ለዚህ ሰው አልከፈት አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ለሁለተኛ ጊዜ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐጂው ሰው ልከው ስምንቱን ከብት አስነዷቸው። ሐጂው በደለኛ አይደሉም፤ ነግረውኛል። የልማት ሠራተኛው መጥቶ የምስክር ወረቀቱን ከምሰሶው ላይ ወሰደ። ራዲዮውን ማንም አልጠየቀም ነበር፤ አባቴ ራሱ «የሞዴል ነው» ብሎ በፌስታል ጠቅልሎ ቀበሌ ወሰደና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጅጋ ይዛው የምትወጣው ቅቤ ቆመ። ወረቀቱ ሲጻፍ ትንሽ የተጋነነ ነበር፤ ስምንቱ ከብት ግቢውን ለቆ ሲወጣ ቃል በቃል እውነት ሆነ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ሰፈራችን ካለች ልጅ ነው። አባቴ አልነገረኝም፤ ቤት ስመጣም አላነሳውም።

ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ለኮሌጅ ተማሪ መድኃኒት ስሰጥ ክፍያ አስቸግሯቸው እንደሆን እጠይቃለሁ፤ አይመለከተኝም፣ ግን እጠይቃለሁ። የሚነግሩኝ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አማካሪው ይህን አምጣ አለኝ፣ ያንን አምጪ አለኝ። እኔም አንድ ነገር ብቻ እላቸዋለሁ። መመሪያውን ራሳችሁ አንብቡ እላቸዋለሁ። «መመሪያውን ያሳዩኝ» ብላችሁ ጠይቁ፣ እስኪያሳዩአችሁ ድረስ ከቢሮው አትውጡ፤ ፋይላችሁ ከመደርደሪያው ሳይወርድ አገራችሁ ሄዳችሁ የአባታችሁን ስም አታስጽፉ እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ አብዳለች መሰለኝ ብለው ያዩኛል። ይዩኝ።

የተመረቅሁ ሳምንት ዲፕሎማዬን በመስታወት አስከብቤ ቤት ወሰድኩ። ያች ምስማር ምሰሶው ላይ እንዳለች ነበረች፤ አባቴ ጅራፉን ሰቅሎባታል። ጅራፉን አንስቼ ዲፕሎማውን ልሰቅል እጄን ስዘረጋ አባቴ ከመደቡ ላይ ተናገረ።

«ተይው። እዚያ ላይ ወረቀት አይሰቀልም።»

ጅራፉን መልሼ ሰቀልኩ። ዲፕሎማውን ከደረቴ አስጠግቼ ይዤ ቆምኩ። እናቴ ወጣ አለች። አባቴ ጉልበቱን ሲያሻሽ ቆየ። ስለዚያ እሁድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከእኔ ጋር አንስቶ አያውቅም፤ ያኔ ብቻ ጠየቀኝ።

«ያች የድሃ ወረቀት... እሷ ናት ያስተማረችሽ? እሷ ባትኖር አትማሪም ነበር?»

ዓይኔን እያየ ነበር። አዎ የሚለውን ቃል እንደሚፈልገው፣ ሌላ ነገር ብናገር ያን ሜዳ፣ ያን ሳቅ፣ ስምንቱን ከብት ሁሉ በከንቱ እንደማደርግበት ገባኝ።

«አዎ፣ አባባ» አልኩት። «እሷ ባትኖር አልማርም ነበር።»

«እንዲያ ኸሆነ ደህና» አለና ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም አለ። አሁን አርጅቷል። ለእንግዳ ሁሉ ልጄን በድሃ ወረቀት አስተማርኳት እያለ ያወራል፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አዎ እላለሁ።